የመጨረሻዋ «አለህ»

ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ባንታየሁን በአባቱ ስም አያውቀውም፤ «ባንታየሁ ሳውንድ» ነው የሚለው። መሃል ከተማ ውስጥ፣ ኤግዚቢሽን ከሚሏቸው በጠባብ በጠባብ ሱቅ ከተሸነሸኑ ፎቆች በአንዱ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ክፍል አምፕሊፋየርና ስፒከር ይጠግናል። እሑድ ከሰዓት ደግሞ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር ይሄዳል። ኬንያውያኑ ጠዋት አምልከው ሲወጡ ሐበሾቹ በሚከራዩት አዳራሽ፣ ከሁሉ ኋላ፣ ሚክሰሩን ፊቱ ዘርግቶ ይቀመጣል። ሰባኪው ሲጮህ ይቀንሳል፤ ቀስ ብላ ለምትጸልይ እናት ይጨምራል። ሥራው ሲያምር ማንም አያስታውሰውም። ስፒከሩ አንዴ ካፏጨ ግን ምእመኑ በሙሉ አንገቱን ወደ እሱ ያዞራል።

ናይሮቢ የመጣው ጎረምሳ ሳለ በሞያሌ በኩል ነው። ሻሸመኔ ላይ ከአጎቱ የተማረውን የሬዲዮ ጥገና ብቻ ይዞ ወጣ። ወረቀት እስኪያገኝ የሰው ሱቅ ጠረገ፣ ገመድ ሸጠ፣ ማታቱ በሚሏቸው የከተማ ታክሲዎች ላይ ስፒከር ገጠመ። ከሰው ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ጠላት አለው ከተባለ ሽሽ የሚለው ድምፅ ነው። ከላላ ገመድ፣ ካረጀ ማጉያ፣ ከጄኔሬተር ሥር የሚመጣ ያ የማያባራ ሽሽታ ካለ ምግብ አይበላለትም። መዘምራኑን፣ «ንጹሕ ድምፅ ማለት እናንተ ስታቆሙ ጸጥ የሚል ነው» ይላቸዋል።

ሚስቱ ውባንቺ ከመዘምራኑ አንዷ ነበረች። በሳምንቱ መካከል ላቪንግተን ሰፈር፣ የአንድ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ቤት ልጆች ትጠብቅ፣ ታበስል ነበር። ድምፅዋ ትልቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ዝቅ ስታደርገው ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ዘንበል ይል ነበር።

ባንታየሁ ብዙ ጊዜ ሊቀዳት ሞክሯል። መኝታ ቤቱን በብርድ ልብስ ይጋርድና ማይክ ይተክላል። አንድም መዝሙር ግን እስከ መጨረሻው ደርሶለት አያውቅም።

«ቁሚ፣ ቁሚ። ትንፋሽሽ ማይኩን መታው።»

«እሺ።»

«እንደገና... ቁሚ። ፍሪጁ ተነሣ።»

«ፍሪጁም ያመስግን እንጂ፣ ምን አለበት?» ትለዋለች እየሳቀች።

እሱ አይስቅም። ተነሥቶ ፍሪጁን ይነቅላል። ሲመለስ የእሷ የመዘመር መንፈስ ሄዷል።

ውባንቺ የምትሠራበት ግቢ ጓሮ፣ ናይሮቢዎች ኤስኪው የሚሏት የሠራተኛ ቤት ነበረች። እሷን ተከራይቶ የሚኖረው እዮብ የሚባል ልጅ ነው። ልጅ ይባል እንጂ ሠላሳን አልፏል። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ኪቦርድ የሚጫወት፣ ግድግዳውን በአሮጌ ፍራሽ ደርድሮ ስቱዲዮ ያደረገ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ወጣቶቹ ይከቡታል። ድሮ ስለ ማይክ የሚጠየቀው ባንታየሁ ነበር፤ ቀስ በቀስ ጥያቄው ሁሉ ወደ እዮብ ሄደ። ባንታየሁ ይህን አይቶ እንዳላየ አለፈው። አለፍኩት ብሎ ነበር።

ውባንቺ ታመመች። ሕመሙ ከጠናባት በኋላ፣ አንድ ማታ እራት ላይ፣ «እዮብ ጋ አንድ መዝሙር ቀዳሁ» አለችው።

«ምን?»

«መዝሙር። ያችን አዲሷን።»

«እኔ እያለሁ?»

ውባንቺ እጇን ከትሪው አነሣች። «ባንቴ፣ አንተ ስትቀዳኝ ማሽኑን ነው የምታዳምጠው።»

«መልካም» አለና መብላቱን ቀጠለ። አሰሚኝ አላላትም። እሷም ላሰማህ ወይ ብላ አልጠየቀችውም። እንዲሁ እንደተጠባበቁ ሆስፒታል ገባች፤ ከዚያም አልወጣችም።

ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ሽማግሌዎቹ የመታሰቢያና የምስጋና ፕሮግራም እንዲደረግ ወሰኑ። እዮብም በስብሰባው ላይ እጁን አውጥቶ፣ «የእህት ውባንቺ የመጨረሻ መዝሙር እኔ ጋ አለ፤ ትንሽ ሥራ ይቀረዋል እንጂ ጥሩ ነው። በሲዲ አባዝተን ለሰው ብንሰጥስ?» አለ። በጉዳዩ ሁሉም ተስማማ። ከጃፓን አሮጌ ሆነው የሚገቡት መኪኖች ዛሬም ሲዲ ያጫውታሉ፤ ስልክ ለማይሆንላቸው አረጋውያንም ከሲዲ የተሻለ የለም።

ባንታየሁ ከኋላ ተነሣ። «የሚቀረውን እኔ እሠራዋለሁ።»

ሰው ዞሮ አየው። ማን ይከለክለዋል? ባሏ ነው፤ በዚያ ላይ የድምፅ ሰው ነው።

በማግስቱ እዮብ መዝሙሩን በፍላሽ ይዞለት ሱቁ ድረስ መጣ። መደገፊያው ላይ ክንዱን አሳርፎ፣ ስፒከሮቹን እያየ፣ «ጋሽ ባንቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?» አለ።

«ንገረኝ።»

«ድምፅዋ ስለደከመ ዝቅ ብሎ ነው የተቀዳው። በሃያ አራት ቢት ነው ያለው፤ ሲዲው ደግሞ አሥራ ስድስት ነው የሚቀበለው። ከመቁረጥዎ በፊት ከፍ ያድርጉት። ከዚያ ትንሽ ሽሽታ ይነስንሱበት፤ ዲዘር የሚሉት አለ አይደል? መጨረሻ ላይ ይቁረጡት።»

«ሽሽታ ልጨምርበት?»

«ትንሽ ነው። አይሰማም እኮ።»

«የማይሰማ ከሆነ ለምን እጨምረዋለሁ?»

እዮብ ክንዱን ከመደገፊያው አነሣ። «እንደ ወደዱ፣ ጋሼ» ብሎ ሄደ።

ለባንታየሁ የተነገረው ነገር እንግዳ አልነበረም። ኮምፒውተር ድምፅን በቁጥር ነው የሚያስቀምጠው። ሃያ አራት ቢት በጣም ደቃቅ መለኪያ ነው፤ አሥራ ስድስት ቢት ሻከር ይላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ትርፉ ይቆረጣል። ጮክ ያለ ድምፅ በዚህ አይጎዳም፤ ረጅም ጋቢ የለበሰ ሰው ጠርዙ ቢቆረጥ አይበርደውም። ሹክሹክታ ግን ሁለመናው የጠርዝ ያህል ነው። ይህን ሁሉ ሰምቶ ያውቃል። ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያባርር የኖረውን ሽሽታ፣ ያውም በእዮብ ምክር፣ ያውም በውባንቺ ድምፅ ላይ ሊነሰንስ? አይሆንም።

ጆሮ ማዳመጫውን አደረገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማት።

መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ሳቅ ነበር። እዮብ አንድ ነገር አለ፤ ከማይኩ ስለራቀ ቃሉ አይለይም። ውባንቺ ሳቀች። በአፍንጫዋ የሚጀምር፣ ልትይዘው ስትል የሚያመልጣት ሳቅ ነው። ባንታየሁ ይህን ሳቅ ያውቀዋል፤ ሱቁን ገና የከፈተ ሰሞን ምሳ ይዛለት ስትመጣ ትስቀው የነበረ ነው። ከቤታቸው መቼ እንደወጣ አላስተዋለም ነበር። ለካ ጠፍቶ አይደለም፤ ላቪንግተን፣ የሰው ጓሮ ውስጥ ነበር።

መዝሙሩን ዘመረች። ማንም አላስቆማትም። መጨረሻ ላይ «አለህ» የምትለዋን አንዲት ቃል ትደጋግማለች፤ አለህ፣ አለህ፣ አለህ፤ በየጊዜው ዝቅ እያለች፣ የመጨረሻዋ ቃል ከትንፋሽ እስከማትለይ ድረስ። ባንታየሁ ድምፁን ከፍ አድርጎ መልሶ ሰማ። ያኔ ነው ሌላ ነገር የሰማው። ከሽሽታው ሥር፣ ከእሷ ጎን፣ አንድ ሰው ይተነፍሳል። ቀስ ብሎ፣ እንዳይረብሻት ተጠንቅቆ ይተነፍሳል።

እዮብ ነው። ሚስቱ ለመጨረሻ ጊዜ ስትዘምር አጠገቧ የተቀመጠው እሱ ነው።

ቅናት እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ በሕይወት ያለውን ሰው ትቶ የተቀዳ ትንፋሽ ያሳድዳል። ባንታየሁ ሽሽታውን የሚያጠፋውን ፕሮግራም ከፈተና ጠረገ። ትንፋሹ ቀጠነ። እንደገና ጠረገ። ጠፋ። ክፍሉ፣ ፍራሹ፣ ግቢው፣ ልጁ፣ ሁሉም ጠፍቶ ውባንቺ ብቻዋን ቀረች። አሮጌ ኮምፒውተሩ ከአሥራ ስድስት በላይ አያስተናግድምና እዚያው ቆረጠው። ከቆረጠ በኋላ የደከመውን መጨረሻ ከፍ አደረገ። በችኮላ አንዴ ሰማው፤ ደስ አለው። እኔ ነኝ የሠራሁት አለ በልቡ።

የመጀመሪያዋን ሲዲ ይዞ እትዬ ጌጤ ዘንድ ሄደ። እትዬ ጌጤ ኪሊማኒ፣ ልጇ ቤት የምትኖር፣ ጉልበቷ ስለታመመ ከወንበር የማትነሣ ሴት ናት። ውባንቺን እንደ ልጇ ትወዳት ነበር። ሲዲ ማጫወቻዋ ክንዷ ሥር ናት።

«ና ልጄ፣ ና። አመጣህልኝ?»

«አመጣሁልዎት። ከሰው ሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ነው።»

ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል። መሃል ላይ እንባዋ ወረደ። መዝሙሩ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን ቅንድቧ ተሰበሰበ፤ ዓይኗን ገለጠች።

«ባንቴ።»

«አቤት።»

«እዚህ ጋ ማነው ቆሎ የሚቆረጥመው?»

«ምን አሉ?»

«ቆሎ ነዋ! ልጅቱ አለህ አለህ ስትል አንዱ ባለጌ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይቆረጥማል። አትሰማም እንዴ? መልሰው እስቲ።»

መለሰው። በትንሿ ክፍል፣ በጸጥታው ውስጥ፣ ሳይቸኩል ሰማው። የመጀመሪያዋ «አለህ» ደኅና ናት። በሁለተኛዋ ቃሉ ጠርዙ ላይ ይቧጭራል፣ ጠጠር እንደሚረገጥ። ሦስተኛዋ ድምፅ መሆኗ ቀርቷል፤ ክርር፣ ክርር ብላ ተሰባብራ፣ በድንገት ድርግም ትላለች። ቁርጡ ከድምፅዋ ጋር ተጣብቋል። ድምፅዋ ሲነሣ ይነሣል፣ ሲወድቅ ይወድቃል፤ የራሷ ጉሮሮ ያመጣው ነው የሚመስለው።

«እንዲህ ታማ ነበር እንዴ ስትዘምር?» አለች እትዬ ጌጤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጉሮሮዋ እንዲህ ሆኖ ነበር?»

«አይ» አለ ባንታየሁ። «እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ የምትቆረጥመው?»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እትዬ ጌጤ።»

እትዬ ጌጤ ማጫወቻዋን ከፍታ ሲዲዋን አወጣችና መለሰችለት። «በል አስተካክለህ አምጣልኝ። ይህን ለሰው እንዳትሰጥ፤ ልጅቱ ስትታነቅ ነው የሚመስለው። ሰው ውባንቺን በዚህ ያስታውሳት?»

ሱቁ ተመልሶ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። ጠረገ፣ አለሰለሰ፣ ቀነሰ። የተቆረጠ ነገር አይቀጠልም። ፍላሹ ላይ ያለውን የእዮብን ቅጂ እንደ አዲስ ቢጀምረውም፣ ሲጠርገው ማሽኑ ያው ወደ አሥራ ስድስት ይቆርጠዋል። የመታሰቢያው ፕሮግራም እሑድ ነው።

ሴት ልጁ ሩሐማ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ በሱቁ በኩል አለፈች። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ግማሽ መንገድ ላይ ይሳፈርና ግማሹ ላይ ይወርዳል። ጆሮ ማዳመጫውን ወስዳ ሰማች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ባባ። ማሚ ሮቦት ሆነች እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ለእዮብ ጀስት ደውልለት። ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል።»

«አልደውልም።»

«ዋይ?»

ባንታየሁ ወደ ማሽኑ ዞረ። ሩሐማ ማዳመጫውን አስቀምጣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ባባ፣ አንተ የምትፈልገው ሰው ማሚን እንዲሰማት ነው ወይስ አንተን?»

«አፍሽን ያዢ።»

«ሶሪ» አለች። ግን ዓይኗን ከእሱ አላነሣችም።

ቅዳሜ ጠዋት ማታቱ ተሳፍሮ ላቪንግተን ሄደ። ያችን ግቢ ከውጭ ነው የሚያውቃት፤ ውባንቺን ሊወስድ ሲመጣ ሁልጊዜ በር ላይ ነበር የሚቆመው። ዘበኛው «ካሪቡ ምዜ» ብሎ በአክብሮት ከፈተለት። በጓሮ ዞሮ ኤስኪውዋን አንኳኳ።

እዮብ በሸበጥ ወጣ። «ጋሽ ባንቴ! ይግቡ፣ ይግቡ። ሻይ ላፍላ?»

«አይ፣ አልቆይም።»

ክፍሏ ትንሽ ናት። ፍራሾቹ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ወንበር። ባንታየሁ በአንዱ ላይ ተቀመጠ።

«የት ነበር የተቀመጠችው?»

«እ... እዚያው የተቀመጡበት ላይ።»

ባንታየሁ ሊነሣ አለና ተወው። መቀመጫውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ስንት ጊዜ ሰምተኸዋል?»

«መዝሙሩን? አልቆጠርኩትም፣ ጋሼ።»

«ብዙ ነው?»

እዮብ መሬት መሬት አየ። «ብዙ ነው። ይዞኝ ነው፤ አልለቅ ብሎኝ።»

ባንታየሁ ቃሏን በልቡ ደገማት፤ ይዞኝ ነው። ባሏ አንዴ ሳይሰማ ልጁ ይዞት፣ እየደጋገመ፣ ሌሊትም ይሁን ቀን፣ ሻይ እየጠጣም ይሁን ተኝቶ... ሊናገር የመጣበትን ዋጠና ሲዲዋን አውጥቶ ሰጠው። እዮብ አስገብቶ መጨረሻውን ሰማ። ፊቱ ተለወጠ።

«ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«ነግረኸኛል» አለ ባንታየሁ። «የነገርከኝ አንተ ስለሆንክ ነው ያልሰማሁህ።»

ከግቢው የልጆች ጩኸት ይሰማል፤ ውባንቺ ትጠብቃቸው የነበሩት ናቸው፤ አድገዋል።

«እኔ ያስቀመጥኩት አለ፤ ምንም አልነካሁትም» አለ እዮብ፣ ፋይሉን እየከፈተ። «አሁን እሠራልዎታለሁ።»

«አንተ አትሠራም። ንገረኝ፤ እጁ የኔ ይሁን።»

እዮብ ወንበሩን ለቆ ቆመ። ባንታየሁ ማውዙን ያዘ።

«መጀመሪያ ከፍ ያድርጉት። ይበቃል፣ እዚያ ጋ። ሽሽታውን አይጥረጉት።»

«ትንፋሽህም አለበት።»

«ይቅርታ፤ ያኔ አላወቅኩም ነበር። እሱን ብቻ ልናወጣ እንችል...»

«አይወጣም። ሞክሬዋለሁ፤ እሱ ሲወጣ እሷም ትወጣለች። ይቀመጥ። ቀጥሎስ?»

«ቀጥሎ ዲዘሩ። እዚያ፣ ሁለተኛው ላይ። አንዴ ይጫኑት፤ በጣም ትንሽ ነው። ቁርጡ ከእሷ ጋር እንዳይጣበቅ ነው። ሽሽታው ለብቻው ይሄዳል፣ ድምፅዋ ለብቻዋ።»

የባንታየሁ ጣት ማውዙ ላይ ቆመ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሲያሳድደው የኖረውን ነገር በገዛ እጁ ሊያስገባ ነው። ተጫነው። ከዚያ አሥራ ስድስት የሚለውን መረጠና ቆረጠው። ሥራው ይህ ብቻ ነበር፤ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም።

እዮብ ማዳመጫውን አነሣ። በልማድ ወደ ራሱ ጆሮ ሊያደርገው ሲል ባንታየሁ እጁን ዘረጋ።

«ስጠኝ። አንተ ውጣ።»

«ጋሼ?»

«በብዙ ቀድመኸኛል። ይህንን እንኳ እኔ ልቅደምህ። ውጣልኝ።»

ሰውን ከገዛ ቤቱ ማስወጣት ነውር እንደሆነ ባንታየሁ አይጠፋውም። እዮብ ግን አልተቆጣም። ሸበጡን አድርጎ ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋ።

ባንታየሁ አጫወተው። ሳቋ አለ። አልዘለለውም፤ እያቃጠለውም ቢሆን እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ ዘመረች። አንድም ጊዜ እጁን አላነሣም። ወደ መጨረሻው ስትደርስ ስስ የሆነ ሽሽታ ከሥሯ ተነጠፈ፤ እንደ ሩቅ ዝናብ። አለህ። አለህ። ሦስተኛዋ እየቀጠነች፣ እየቀጠነች ሄደች፤ አልተሰበረችም፣ አልቧጨረችም። የት ላይ እንዳለቀች መለየት አይቻልም። ቃሏ ካበቃ በኋላም ትንሽ ትንፋሽ ቀርቷታል፤ አስገባችው፣ አወጣችው። ይህን ትንፋሽ እሱ ጠርጎት ነበር። ከጎኗ ደግሞ የልጁ ትንፋሽ አለ።

ማዳመጫውን አላወለቀም። ልቡ አልበረደለትም፤ ልጁ አሁንም እዚያ ወንበር አጠገብ ነበር፤ እሱ አሁንም አልነበረም። መልሶ ከመጀመሪያው አስነሣው።

እዮብ ከውጭ ቀስ ብሎ አንኳኳ። «ጋሽ ባንቴ፣ ልግባ?»

«ገና ነኝ» አለ ባንታየሁ።